አይነክስም ስለተባለው አፈር

ለክቡር ኢንጂነር ስምዖን
የወንዛችን ድልድይ ሥራ ኃላፊ
የካ ክፍለ ከተማ

ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለቢሮዎ ጣሪያ ደኅንነት እመኛለሁ። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ደጅዎ አልጨቀየም? እኛ ከእንጦጦ ወርዶ ቀበና በሚገባው ወንዝ ዳር የምንኖር ጎረቤቶች፣ ከአንዲት ሴት በቀር፣ ሁላችንም ደኅና ነን።

በአደባባይ የምጽፍልዎ በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። አልቀየምኩም፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ሁሉን ማንበብ አይችልም። እኔ ግን ባሌ ከሞተ ወዲህ ጊዜ የተረፈኝ፣ ፊደልንም በጎልማሳነቴ ከልጆች ደብተር ላይ የለቀምኩ ሴት ስለሆንኩ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ አነባለሁ። በሚያዝያ ባለሱቋ ሸዋረጋ ምስር የጠቀለለችልኝን ወረቀት ስዘረጋው የእርስዎ ድልድይ የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ ሆኖ አገኘሁት፤ ገጽ ሠላሳ አንድ። ግሩም ጽሑፍ ነው። እርሱን ተከትዬ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ገጹ የተቆፈረ አፈር ከወንዙ ርቆ እንደሚከመር፣ ዙሪያውም በካስማና በጆንያ እንደሚታጠር ይናገራል። እርስዎ ግን አፈሩ እንዳይናፍቀን አስበው እዚያው ውሃው አፍ ላይ፣ ከጎረቤታችን ከኢልሃም ቤት በላይ ቆለሉልን። በግንቦት መጥቼ ይህንኑ ስነግርዎ ከመኪናዎ ሳይወርዱ፣ በሠራተኞችዎ ፊት፣ “እማማ፣ አፈር እኮ ነው፤ አፈር አይነክስም” አሉኝ። ጥበቃዎ ፋኑኤልም “ወይስ ሰንሰለት እንግዛለት?” ብሎ ጨመረበት። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ሁሉም ስቋል።

ሁለተኛ፣ ገጹ ሥራው ከክረምት በፊት እንደሚያልቅ፣ እስኪያልቅም ውሃው በጊዜያዊ ቱቦ እንደሚያልፍ ይናገራል። ቱቦዎቹ በእርግጥ መጥተዋል። መንገድ ዳር ተጋድመው ውሻ ወልዳባቸዋለች። ወንዙን ግን በአፈር ግድብ ዘግተው ሐምሌን እንዲጠብቅ አዘዙት፤ እርሱም ታዛዥ ነውና ጠበቀ።

ሦስተኛ፣ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ዕለት፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት እንጦጦ ጠቆረ። እኛ ዘንድ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ግድብዎ ፈነዳ። የመጣው ውሃ አልነበረም፤ ድንጋይ ያዘለ ቀይ ጭቃ ነበር። የኢልሃምን የኋላ ግድግዳ አንዴ መትቶ ጣለው። ጎመን ቸርቻሪዋ ጎረቤቴ በለጡ፣ አልጋ ላይ የዋሉትን የኢልሃምን አማት ልታወጣ ዘላ ገባች። አሮጊቷን በመስኮት አቀበለችን። እሷን ግን ቁምሳጥኑና ጭቃው ከግድግዳ ጋር አጣብቀው ጎድኗን ሰባበሩት፤ ስትጮህ ሰምተናል፤ ከዚያ ጎርፉ ይዟት ወረደ። ከቀበና ድልድይ በላይ ስናገኛት አንድ ክንዷ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ፣ አፏ እስከ ጉሮሮዋ በአፈርዎ ተሞልቶ ነበር። አፏን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጆግ ውሃ ጨረስኩ፤ አፈሩ ግን አላለቀም። ከጥርሶቿ መካከል በጣቴ እያወጣሁ ቃልዎን አስታወስኩ። እውነትዎን ነው፤ አፈሩ አልነከሰም። የነከሰችው እሷ ናት።

አራተኛ፣ ወኪልዎ ለቅሶ ደርሰው የእግዚአብሔር ቁጣ መሆኑን ነግረው ስላጽናኑን እናመሰግናለን። ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ተከልዬባታለሁ።

በ1989 ዓ.ም. እዚሁ ወንዝ ላይ ትንሽ ድልድይ ሲሠራ፣ ሠራተኞቹ አፈሩን በካስማና በጆንያ አጥረውት ነበር። የተጣለ እንጨት መስሎኝ አሥራ አንድ ካስማ ለማገዶ ነቀልኩ፤ ጆንያውንም በርበሬ ላሰጣበት ወሰድኩ። በሳምንቱ ኃይለኛ ዝናብ መጣ፤ አፈሩ ተንዶ መውረጃውን ደፈነው፤ ውሃው ዞሮ የሮማነወርቅን ቤት ሰብሮ ገባ። የስድስት ዓመት ልጇን ነፃነትን ከምሰሶው ላይ አላቅቀን ነው ያወጣናት። ሰው ሁሉ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አለ። እኔ ግን ተጠራጥሬ ነበር፤ ቢሆንም አብሬ አልኩ። የለቅሶው ንፍሮ የተቀቀለው በእነዚያ ካስማዎች ነው። እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ፤ ለሮማነወርቅም አንድ እፍኝ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ሳልነግራት ሞተች። ባሌም ሳልነግረው ሞተ። ካስማው ለምን እንደሚተከል በእርግጠኝነት ያወቅሁት በዚህች በምስር መጠቅለያ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ዘመድ መሆናችንን ስገልጽ በትሕትና ነው። ልዩነታችን ትንሽ ናት፦ እኔ ማንበብ ሳልችል ገደልኩ፤ እርስዎ ራስዎ ጽፈው።

አምስተኛው ምስጋና አይደለም። የተረፈው ክምር ዛሬም ከኢልሃም ቤት በላይ ቆሟል። ኢልሃም የወደቀውን ግድግዳ በላስቲክ ጋርዳ፣ ከአማቷ ጋር እዚያው ታድራለች፤ መሄጃ የላትም። ነሐሴ ደግሞ ገና መግባቱ ነው። አፈሩን ያንሱልን፤ ቱቦውን ያኑሩልን። ውሻዋን እኔ እወስዳታለሁ።

የካስማውን ነገር ከእኔ ሰምቶ የማያውቅ ሰፈር ይህን በማንበቡ ቢደነግጥ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እስከ ጉልበቱ በጨቀየ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የምስር መጠቅለያዎ ታማኝ አንባቢ፣
ሙሉጌጥ ኃይለጊዮርጊስ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ከቢሮዎ በር ላይ አርባ ሦስት ጆንያ አፈር ያገኛሉ። የሰፈሩ ሴቶች ተሸክመን ያመጣነው ከዚያው ከክምሩ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ እንመላለሳለን። ገጽ ሠላሳ አንድ እንደሚያዘው ዙሪያውን በካስማ አጥረነዋል። አሥራ አንዱን የተከልኩት እኔ ነኝና እባክዎ ማንም አይንቀላቸው። መግባት ከቸገረዎ አፈሩን ረግጠው ይለፉ፤ አይነክስም።