ለአንዲት ዓሣ ማጣሪያ ስመርጥ

ጥቅምት 4 ቀን 1962 ዓ.ም.
ባለቤቴ አብዱልዋሂድ ዛሬም ለዕቃ ግዢ ወደ አሥመራ ሄደ። እኔና ዓሣዋ ቀረን። ከምፅዋ ተድሬ ስመጣ ወንድሜ ጀማለዲን ከነባሕር ውሃቸው የሰጠኝ ሁለት ዓሣዎች ነበሩ... አንዷ ብቻ ተርፋለች። ደብረ ማርቆስ ሲበርድ!

ጥቅምት 9
የገንዳው ውሃ ወዝ አወጣ። ይሸታል። ዓሣዋ ላይ ላይ እያለች አፏን ትከፍታለች። ከምፅዋ ካመጣሁት የባሕር ውሃ ከመጨረሻው ጀሪካን ቀየርሁላት። ሲያልቅስ? የባሕር ውሃ ከየት ላመጣ ነው? ለጀማለዲን ጻፍሁ።

ጥቅምት 27
መልስ መጣ። ቆሻሻውን በአረፋ እየሰበሰበ የሚያወጣ ማጣሪያ አለ ይላል። ሁለት ዓይነት። አንዱ ከውጭ ይንጠለጠላል፤ በሞተር ውሃ ይስባል፤ ኃይለኛ ነው። ሌላው ቀጭን ቱቦ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ይቆማል፤ አየር የምትነፋ ትንሽ ፓምፕ ትበቃዋለች። «አንቺ ምረጪ፣ አሥመራ ላለው ባልሽ እልክለታለሁ። ግን በቀን ስምንት ሰዓት መሥራት አለበት።»
ስምንት ሰዓት! እዚህ መብራት የሚመጣው ማታ ለሦስት ሰዓት...

ጥቅምት 28
ገንዳውን በስንዝር ለካሁት። ጠባብ ነው። የትልቁ ሞተር ዓሣዋን ጎትቶ ቢወስዳትስ? ትንሹን መረጥሁ። መብራቱን እንጃ።

ኅዳር 12
አብዱልዋሂድ ዕቃውን አመጣልኝ። አንድ ቀን አድሮ ወደ ደብረ ወርቅ ሊሄድ ነው። «አንድ ዓሣ ናት፣ ብትሞትስ?» አለ። እዚህ አገር የምታውቀኝ እሷ ብቻ ናት ልበለው?

ኅዳር 13
ጎረቤት ወፍጮ ቤት ቀኑን ሙሉ ሞተር አለ፤ አምፑልም ያበራል። ባለቤቲቱ እትዬ ሥራነሽ ባል የሞተባቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ አላለፍንም። ሦስት ጊዜ በራቸው ደርሼ ተመለስሁ። በአራተኛው አዩኝ።
«ምን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?»
«ዓሣዬ ልትሞትብኝ ነው» ብዬ... አለቀስሁ። እንዴት አፈርሁ!
«አምጪያታ» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

ኅዳር 15
ገንዳውን እሳቸው ጓዳ አስቀመጥነው። ቱቦው ውስጥ ነጭ አረፋ ሽቅብ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጫፉ ላይ ያለችው ኩባያ ቡናማ እድፍ ሞላች። «ይሄ ሁሉ ከዚች ቁራጭ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ማታ ግን ቤቴ ጭር አለብኝ።

ኅዳር 30
ዓሣዋ መብላት ጀምራለች። ውሃው ጠርቷል። በየጠዋቱ ላያት እሄዳለሁ፤ ዛሬ ግን ልብስ ሳጥብ ቆይቼ በዘጠኝ ሰዓት ሄድሁ። እትዬ ሥራነሽ ደጃፍ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ።
«ምነው ዘገየሽብኝ?» አሉኝ።
ማርቆስ ከገባሁ ጀምሮ ዘገየሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።