በጎን ያየሁት መንገድ

ማክሰኞ፣ ጥር 6

የጭነት መኪናውን ሸራ ጨረስኩ። አራት መርፌ ሰበረ። ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ "ሞተሩን የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ፈልጎታል፤ በወሩ መጨረሻ እሰጠዋለሁ" አለ። ፒክአፑን ከገዛ ወዲህ ሞተር ሳይክሉ ጓሮ ነው የቆመው። እኔ በሰፋሁለት ሸራ ተሸፍኖ።

አትሽጠው አላልኩም። መቼስ ብዬ አውቃለሁ?

ከዚያ በኋላ የሰፋሁት ሁሉ ጠመመ። ፈታሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ለምን እንዲህ ከፋኝ? የእኔ እንኳ አይደለም። የገዛው ወንድሜ ነው። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ከኋላው ተቀምጬ፣ ሁለቱንም እግሬን በግራ አንጠልጥዬ፣ የሸራ ጥቅልል አቅፌ ገበያ ድረስ መሄድ ነው ሥራዬ። ሰባ ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ሰባ መመለስ።

ግን እሑድ እሑድ፣ እሱ ተኝቶ ሲውል፣ ኳስ ሜዳው ላይ ብቻዬን የለመድኩትስ? አስተማሪዬ የዕቃ መጠቅለያ ሆኖ የመጣ የሞተር መመሪያ ነው። ከገጽ ሠላሳ አንድ እስከ ሃምሳ ስምንት ብቻ። ማንበብንም እንዲሁ ከመጠቅለያ ወረቀት ነው የለቃቀምኩት። ስለ ፍሬን የሚያወራው ገጽ የለበትም። እሱን ከአጥሩ ተማርኩ።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ዓመት ሞላኝ። መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ዓርብ፣ ጥር 9

ተናገርኩ!

ምሳ ላይ ነው። "ጋሼ፣ ሞተሩን አትሽጠው" አልኩ። ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ቀረ።

"ምን ልታደርጊበት?"

"ሐይቁ ጋ ልሄድበት።"

"የቱ ሐይቅ?"

"ጀልባዎቹ ያሉበት።"

ዘጠኝ ዓመት የጀልባ መሸፈኛ ሰፍቼ ልኬያለሁ። ልኩን ባለጀልባው በስልክ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ይጫናል። አንዱንም ጀልባ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

"አራት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር! አንቺ ልጅ፣ ጤና ነሽ?"

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። አሁንም አንቺ ልጅ ነኝ።

ሚስቱ፣ "ተዋት እንጂ! በስንት ዘመኗ አንድ ነገር ብትጠይቅ..." አለች። ነፍሷን ይማርልኝ ልል ነበር፣ በቁሟ። ጋሼ ብዙ ተቆጣ። መንገዱን ረገመ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮችን ረገመ። በመጨረሻ ጣቱን ቀስሮ፦ "እሺ። ብቻሽን ሄደሽ ብቻሽን ከተመለስሽ ያንቺ ይሁን። ግን አንዴ ደውለሽ 'ጋሼ ድረስልኝ' ካልሽ፣ ፒክአፑን ይዤ እመጣለሁ፤ ሞተሩም ከዚያው ቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ።"

"እሺ" አልኩ። ሐሳቡን ሳይለውጥ ሰሃኑን አነሣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

መካኒኩ ሰንሰለቱን ቀየረ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ እሳት የምትጭረዋን፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሞተሩንም እኔንም አየና፣ "ሁለት ባልቴቶች ተያይዛችሁ የት ልትደርሱ ነው?" አለ።

"አንዷ ስትደክም አንዷ ትሸከማለች" አልኩት።

ይሄ አፍ ደግሞ ከየት መጣ?

ከተረፈ ሸራ ሱሪ ሰፋሁ። ስራመድ ይንኮሻኮሻል። የጋሼ ሚስት ስታየኝ፣ "ድንኳኑ መጣ!" ብላ እስክታነባ ሳቀች።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ወጣሁ። ይሄን የምጽፈው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፣ አንዲት የመንገድ ዳር ማረፊያ ውስጥ። በሩ አይቆለፍም፣ ሞተሩን አስገብቼ ከውስጥ አስደግፌበታለሁ። ከየት ልጀምር?

ጋሼ ጠዋት ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። "ስልክሽ ሞልቷል?" ሌላ አላለም።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት... መንገዱን የማላውቀው ሆኖ ተገኘ! አሥራ ስምንት ዓመት የሄድኩበትን። ለካ እኔ የማውቀው ግራ ጎኑን ብቻ ነው፤ ስንመለስማ ሁሌ ጨለማ ነው። የጡብ ፋብሪካው፣ ሰማያዊ በር ያለው ወፍጮ ቤት፣ የተገለበጠው ውኃ ጋን... ሁሉም በግራ። ፊት ለፊት ግን ምን ነበር? የጋሼ ጀርባ። የት እንደደረስኩ ለማወቅ አንገቴን ወደ ግራ ባዞርኩ ቁጥር ሞተሩም አብሮኝ ይዞራል። ሁለቴ ቦይ ውስጥ ልገባ ነበር።

ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን ደግሞ ጭራሽ አለፍኩት። ሁልጊዜ ከጀርባዬ ነበራ! መታጠፉን ወገቤ ያውቀዋል፣ ዓይኔ አያውቀውም። ወገቤን ዘንበል የሚያደርግልኝ ሰው ዛሬ ከፊቴ የለም።

መታጠፊያውን አልፌ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ መንገድ ሠሪዎች ጋ ደረስኩ። አንዲት ሴት ክብ ሰሌዳ ይዛ ቆማለች፤ በአንድ በኩል ቀይ፣ በአንድ በኩል አረንጓዴ። ቀዩን አሳየችኝ።

"ወዴት ነው?"

"ሐይቁ ጋ።"

"በዚህ? ይሄስ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ዋናው መንገድ ከኋላሽ ቀርቷል።"

"በዚህም ያደርሳል?"

"ያደርሳል። ግን ጠጠር ነው።" ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን።"

"ባልሽስ?"

"የለኝም።"

"ወይ መታደል!" አለች። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከኋላ የቆመው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋብን ድረስ።

መመለስ ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን መንገዱ ወደ ኮረብታዎቹ ሲወጣ አየሁት... በግራም በቀኝም፣ ፊት ለፊትም። "ልለፍ?" አልኳት። ሰሌዳውን አዞረችው።

የኮረብታው ቁልቁለት ላይ ወደቅሁ።

ጠጠሩ ነው። የፊት ፍሬን ያዝኩ (የጎደለው ገጽ!)። ሞተሩ በጎኑ፣ እኔ በጉልበቴ። የግራው ስፔኪዮ ተሰበረ፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ ጎበጠ። ጉልበቴ ደህና፤ ሸራ ሱሪ እንኳን ለድንኳን ለሰውም ይሆናል። ለማንሳት ሞከርኩ። አልነቃነቅ አለኝ። እንደገና። እምቢ። በመንገዱ ሰው የለም፣ መኪና የለም።

ስልኩን አወጣሁ። የጋሼን ቁጥር አወጣሁ። አውራ ጣቴ ከቁጥሩ ላይ... እንደዚያ ሆኜ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። አንዴ ብቻ ብጫነው ይመጣል። እየተሳደበ ይመጣል፣ ውኃ ይዞልኝ ይመጣል። ከዚያ ሞተሩ የዳቦ ቅርጫት ተሸክሞ በሱቃችን ፊት ሲያልፍ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ስሰፋ...

ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

የራሰ ሸራ ጥቅልል እንዴት ነው የማነሳው? በእጄ አይደለም እኮ። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ በእግሬ ነው የምገፋው። ሻንጣውን ፈታሁ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ቂጤን ከወንበሩ ጋር አጣበቅኩ፣ አንዱን እጄን ለመሪው፣ አንዱን ለኋላው ብረት። ትንሽ ትንሽ እያልኩ ወደ ኋላ ተራመድኩ። ተነሣ! "ና የኔ አባት!" ብዬ ጮኽኩ። ማን እንዳይሰማኝ?

ነዳጅ ጠጥቶ ስለነበር አልነሣም አለ። ገጽ አርባ አንድ፦ ካንዴላውን ፍታ፣ ጥረግ፣ ታገሥ። ፈታሁ፣ ጠረግሁ። መታገሥ ደግሞ ከማንም በላይ እችልበታለሁ። በስምንተኛው ምት ተነሣ።

ለጋሼ "ደህና ነኝ" የሚል መልእክት ላክሁ። ውሸት አይደለም።

ዓርብ፣ ጥር 23

ሐይቁን አየሁት። ከዳገቱ አናት ላይ። ሞተሩን አጠፋሁና ቆምኩ።

ሌላ ምን ልጻፍ? ትልቅ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ባለጀልባው ሽማግሌ ናቸው፣ ባርኔጣቸው ቀዳዳ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው አላመኑም። "ሸራ ሰፊዋ? ድምፅሽ ቀጭን ስለሆነ የሃያ ዓመት ልጅ ትመስይኝ ነበር!"

"እርስዎ ደግሞ በድምፅዎ ወፍራም ሰው ይመስሉኝ ነበር" አልኩ።

አሥራ አራት ጀልባ፣ ተሰልፈው። የሁሉም ሽፋን የእኔ ስፌት። በእጄ ዳሰስኳቸው። ልካቸው ልክ ነው፣ ልክክ ያለ! ከአንዷ በስተቀር። ሰፍቶባት ከመሐል ዘርጠጥ ብሏል። "ይቺን ባለ ሌሊት ልብሷ እንላታለን" አሉ። ጥፋቱ የነገሩኝ ነው ወይስ የጻፍኩት? አልተነጋገርንበትም። መርፌና ክር ሁሌም ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሽፋኑን ገፍፌ፣ ጀልባዋ ላይ ቁጭ ብዬ አጠበብኩላት። እሳቸው ደግሞ ቀዘፉ፣ መሐል ድረስ። እየሰፋሁ ውኃው ያወዛውዘኛል።

በሕይወቴ እንደ ዛሬ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም።

እሑድ፣ ጥር 25

እየተመለስኩ ነው። በዋናው መንገድ። ሄልሜት ውስጥ ስዘፍን ለካ ድምፄ ያምራል።

ሰኞ፣ ጥር 26

ገባሁ። ጋሼ ሱቁ ደጅ ላይ ቆሟል። እንዳየኝ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሲጠብቀኝ የነበረ እንዳይመስል። ከዚያ እንደገና ወጣ። ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየ።

ስፔኪዮውን ከመግባቴ በፊት ማስቀየር እችል ነበር። አላስቀየርኩም።

"ወድቀሻል።"

"ወድቄያለሁ።"

"ማን አነሣው?"

"እኔ።"

"ይሄን?"

እንዴት እንዳነሣሁት ቁጢጥ ብዬ አሳየሁት፣ መንገዱ ላይ፣ ሰው እያየን። ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቱ ግን እምቢ አለው።

"ስልክ አለሽ አይደል? ለምን አልደወልሽም?"

"ብደውል ልትሸጠው አልነበር?"

የጎበጠውን እጀታ በእጁ ሊያቃና ሞከረ። "እኔ እኮ ፒክአፑን ነዳጅ ሞልቼ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሬ ነው የከረምኩት" አለ፣ እጀታውን እያየ። "አራት ቀን ሙሉ ጫማዬን አላወለቅኩም።"

ሚስቱ ከውስጥ፣ "እውነቱን ነው! አልጋ ላይ እንኳ!" አለች።

ቁልፉን ከሞተሩ ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረው። ከዚያ ሞተሩ እንደማይሸጥ ለዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሊነግረው ሄደ፣ በእግሩ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ፒክአፑ ጋራዥ ገብቷል። ጠዋት ጋሼ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። መቀሱን አነሣ፣ አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ የምልሽ... ነገ ሞተሩን ብታውሽኝ? ገበያ ሸራ ላደርስ። ከመምሸቱ በፊት እመልሰዋለሁ። ነዳጁንም እሞላዋለሁ።"

እሺ ሊል አፌ ተከፈተ። ልማድ ነው።

"ነገ አይሆንም ጋሼ" አልኩት። "ከነገ ወዲያ ውሰደው። ነገ እኔ እፈልገዋለሁ።"

"ወዴት ልትሄጂ ነው?"

"ገና አላወቅኩም።"

አየኝ። እኔም አየሁት፤ አንገቴን አልደፋሁም። ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ሆዱን ይዞ፤ ሚስቱ ምን ሆናችሁ ብላ እስክትመጣ ድረስ ሳቅን። ጥቅልሉን ተሸከመና አውቶቡስ የሚነሣበትን ሰዓት ሊጠይቅ ወጣ።