በገዛ እጄ የጣልኩት ኮከብ

ጥቅምት 3
ዛሬም ከማተሚያ ቤት ስመለስ እጄ ሙጫ በሙጫ። ቀኑን ሙሉ «ጥራቱ የተረጋገጠ» የሚል ባለኮከብ ተለጣፊ ሳትም ዋልኩ። የአባዬ ቴፕ ከተቃጠለ ወር ሆነው። የእማዬ ድምፅ የቀረን በዘፈነችባት በአንዲት ካሴት ብቻ... ካረፈች ጀምሮ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይሰማት ነበር። አሁን ካሴቷን ያገላብጣል፣ መልሶ ያስቀምጣታል። ነገ አዲስ ቴፕ ከነስፒከሩ እገዛለታለሁ። አበቃ!

ጥቅምት 4
ገዛሁ! ገዛሁ! ሻጩ ሁለት አሳየኝ። «ይሄኛው ምልክት አለው እህቴ፣ ያኛው ግን...» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ምልክቱን ሳይ ቀለጥኩ። የእኛው ማተሚያ ቤት ሥራ ነዋ! እንዴት አላምን?

ጥቅምት 5
ጉድ! ካርቶኑን ስከፍት ዓይኔ ተለጣፊው ላይ ተተከለ። ኮከቡ አንድ ጫፍ የለውም። የመለያ ቁጥርም የለው። ባለፈው ወር ማሽኑ ያበላሸው ጥቅል... ቆሻሻ ውስጥ የጣልኩት እኔው ነኝ! ማን ለቅሞ ሸጠው?
ለአባዬ ስነግረው ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ አይደል፣ የቴፑን ጀርባ ፈቶ አሸተተው።
«ይሄ ሳምንት ሳይሞላው ይጨሳል፣ ልጄ።»
«ታዲያ ምልክት ምን ዋጋ አለው?»
«እውነተኛው አለው እንጂ! ዕቃው ቤትሽን እንዳያቃጥል ነው። ድምፁን የሚመርጥልሽ ግን ጆሮሽ ነው።»
ተለጣፊውን ልጦ ኪሱ ከተተ። ለምን ይሆን?

ጥቅምት 6
አባዬ ካሴቷን በደረት ኪሱ ይዞ ሱቁ አብረን ሄድን። ነገሩን ስነግረው ሻጩ ላብ በላብ ሆነ። «እኔም ተሸውጄ ነው፣ በሞቴ!» ይሁን... ሊቀይርልን ተስማማ። አባዬ መጀመሪያ የሁሉንም ጀርባ እየገለበጠ ቁጥር ፈለገ። ቁጥር ያላቸው ሦስት ብቻ ቀሩ። ከዚያ እማዬን በሦስቱም አዘፈናት! በመጀመሪያው ጎረነነች። በሁለተኛው ጣሳ ውስጥ የገባች መሰለች። በሦስተኛው ግን... ዘፈኑን ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ተሰማ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰምቼው አላውቅም። አባዬ ባንኮኒውን ያዘ።
«ይቺ ናት» አለ።

ጥቅምት 8
ሥራ ቦታ የተበላሸውን ተለጣፊ በመቀስ ሳልከትፍ መጣል ቀረ። አለቃዬ «ምን ነካሽ?» ይለኛል። ልንገረው ይሆን?
ዛሬ ግማሽ ቀን ነው፣ ለምሳ ቤት ገባሁ። አባዬ ያንን ጎዶሎ ኮከብ ደረቱ ላይ ለጥፎ ከእማዬ ጋር ይዘፍናል! ዜማው ጠፍቶበት፣ ድምፁ ተሰነጣጥቆ... የትኛውም የጥራት መርማሪ አያሳልፈው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እማዬ ትንፋሽ ስትስብ ግን እኔም አብሬ ሳብኩ፣ ሦስት ሆነን ዘፈንን።