የታናሹ እንጥል

ማንቡክ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፰፻፺፪

ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ከሦስቱ የልጅ ልጆቼ አንዱ ሳይታመም የዋለበት ቀን የለም። ማስተማር ካቆምሁ ወዲህ የእያንዳንዱ ሳል የጀመረበትንና የለቀቀበትን ቀን እጽፋለሁ፤ በሰባተኛው ቀን ግድም ይተዋቸዋል። ዛሬ ጽሑፉን ለእናታቸው ለልጄ አነበብሁላት።

«አባባ፣ ሄዶ የሚመለሰውን ሳል ሄደ ይሉታል? የታናሹ እንጥል ወርዷል፤ ቅዳሜ አስቆርጠዋለሁ» አለችኝ።

የጎረቤታችን ልጅ እንጥሉን ተቆርጦ፣ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው። አስታወስኋት። «የኔን ልጅ አያሟርቱበት!» ብላ ጥላኝ ወጣች።

የምትሰማው ባሏን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለንግድ ዓባይን ተሻግሮ ባምባሲ ነው። ነገ ወደዚያ ለሚወርድ ነጋዴ የምሰጠውን ደብዳቤ እዚሁ አረቀቅሁ፦ «ልጄ፣ የታናሹ እንጥል እንዳይቆረጥ ከልክላት። ይህ ከቅዳሜ በፊት እንደማይደርስህ አውቃለሁ። ቢሆንም መልስህን ቶሎ ላክልኝ።»