ማሩን ያልንበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፱

ወንድሜን ደምሴን ወሰዱት። እጄ ከነሳሙናው ነው የሮጥኩት፤ የደረስኩት ግን ለካሚዮኑ አቧራ ነው።

ካቦ ተሰማ ዛሬ ጠዋት ድንጋይ መፍለጫው ሥር ራሱ ተፈጥፍጦ ተገኘ። ጣልያን በመንገዱ ሥራ ድንጋይ ፈላጮች ላይ የሾመው አለቃ ነው፣ ያው የኛው ሰው። ሞቱ አላስለቀሰኝም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ትናንት ማታ ነው የተገደለው ይላሉ። ማን ገደለው? «አዝማሪው።»

ወንድሜ አዝማሪ አይደለም። መሰንቆ ነክቶ አያውቅም። አውራጅ ነው፤ እሱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ መዶሻውም በዘፈኑ ልክ ያርፋል። ዘፈኑን ካፈጠነው ሥራው ይፈጥናል፣ ካዘገመው ሥራውም ያዘግማል። ግጥሙን የሚያወጣውም ራሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዲናሚት የናደው አለት ገና ሳይረጋ ካቦው ሰዎቹን አስገባ። በዳዳ እዚያው ተጨፍልቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ደምሴ ዘፈኑን አዘገመው። «መጀመሪያ ድንጋዩ ይርጋ፣ ከዚያ እንገባለን» ነው ያለው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀም። ካቦው በሰው ፊት በጥፊ አጮለው። ደምሴ ደግሞ መች ዝም ይላል፣ ይህችን አወጣበት፦

ድንጋይ ሰው ሲበላ ፡ ካቦ ቆሞ ሳቀ፣
ድንጋይ አይጠግብም ፡ እሱንም ጠበቀ።

አሁን ሰው ሁሉ ይህቺን ግጥም ይዞ በየጥጉ ይንሾካሾካል። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ ጠላትህ አፍህ ነው ብዬ!

ቢሆንም አልፈራሁም። ትናንት ማታ ደምሴ በዳዳ ቤት ልቅሶ ላይ ነበር። ሙሾ ሲያወርድ ቤት ሙሉ ሰው ሰምቶታል። ነገ ይለቁታል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲

አልለቀቁትም። የጾም ነው ብዬ ሽሮ ሠርቼ ወሰድኩለት። በሩ ላይ የቆመው ባንዳ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና በጫማው ገለበጠው። «ውሻ ይብላው» አለኝ። ውሻም አልነበረም። እንጀራውን ከመሬት ለቅሜ ተመለስኩ።

ምስክር ፍለጋ ዋልኩ። ልቅሶው ላይ ከነበሩት፦

ሸማኔው፦ «እኔ እኮ ቶሎ ወጥቻለሁ።» ውሸቱን ነው፣ መጨረሻ የወጣው እሱ ነው።
ሁለቱ ድንጋይ ፈላጮች፦ ቤት የሉም አሉኝ። ሲያስሉ ይሰማኛል።
ጠላ ሻጯ፦ አለቀሰች። ልጆቿን እያሳየችኝ አለቀሰች። እሷን ምን እላታለሁ?

ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ከመሸ መሰብሰብ ክልክል ነው። ደምሴ እዚያ ነበር ያለ ሰው፣ እኔም ነበርኩ ማለቱ ነው። አልፈርድባቸውም፤ ልል ፈልጌ ነበር፣ ግን እፈርድባቸዋለሁ።

የበዳዳ ሚስት ጫልቱ ብቻ፦ «አስካለ፣ እኔ ባሌን ቀብሬያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ያመጣሉ? እመሰክራለሁ።» እጇን ሳምኳት።

ማታ ላይ ደግሞ ከካቦው ወንድሞች መልእክት መጣ። «ደማችንን ጣልያን አይመልስልንም፤ ከናንተ ወንድ እንወስዳለን» ብለዋል። እቤታችን የቀረው ወንድ አባባ ብቻ ነው። ሽማግሌ ቄስ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፩

ሽማግሌዎች በጠዋት መጡ። ፊት የያዙት ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ናቸው። «አባ፣ ደም ትኩስ ሲሆን አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ» አሉ። «የማን እጅ እንደሆነ በኋላ ይጣራል። ስሙ የተጠራ ሰው ወገኑ ሄዶ መውደቅ አለበት። ካልሄዳችሁ ንቀት ነው።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «እንግዲያው ልጄ ባይገድልም ብለው ይጀምሩ አባባ» አልኩ።

ኦቦ ገመዳ ቆጣ አሉ። «ልቅሶ ቤት ‘ባይ’ እና ‘ቢ’ ተይዞ አይገባም ልጄ! ሟቹን መሟገት ነው። ማሩን ይባላል፣ በቃ።»

እውነታቸውን ነው። እንደዚያ ነው የሚደረገው፣ አባቶቻችንም እንደዚያ ነው ያደረጉት።

አባባ ጥምጥማቸውን ፈቱ። ከጓሯችን አንድ ድንጋይ አንስተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉ። ልቀበላቸው ብል እንቢ አሉ። እስከ ካቦው ቤት በባዶ እግራቸው ሄዱ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ከኋላ። በሩ ላይ በግንባራቸው ተደፉ። «ስለ ክርስቶስ ማሩን።» እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው ያየሁት።

ብዙ አቆዩአቸው። በመጨረሻ የካቦው ታላቅ ወንድም አቶ ሽብሩ ወጣና ድንጋዩን በእጁ አወረደላቸው። «ይነሱ አባቴ፣ ለእግዜር ብለናል» አለ። አባባ ሲነሱ አንገታቸው ተልጦ ነበር።

ቅቤ ቀባኋቸው። ከማክሰኞ ወዲህ ዛሬ እህል በላሁ። የአንዱን ሞት እንኳ አራቅን።

ዓርብ፣ ሚካኤል

ቶሎ ልጻፈው።

ፍርድ ቤት የሚሉት ድንኳን ነው። ዳኛው መኮንን ነው፣ አጠገቡ ቱርጁማን ተቀምጧል። ደምሴን አስገቡት። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። በአንዱ እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

ግጥሙን አነበቡበት። ደምሴም «የኔ ነው፣ ግን ያወጣሁት ስለ ድንጋዩ ነው እንጂ ስለ ካቦው ሞት አይደለም» አለ። አንድ ዘበኛ ሰኞ ማታ ከመፍለጫው ሲሮጥ አየሁት አለ። ጫልቱ ተነሳች። ኩራቷ! «ውሸት ነው፤ እቤቴ ነበር፣ ባሌን ሲያለቅስልኝ ነበር» አለች። ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ። አለቀ፣ ዳነ አልኩ።

ያኔ ዘበኛው እንደገና ተነሳ። «አባቱ ትናንት ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት ለምኗል» አለ።

አባባን አቆሟቸው። ሄደሃል? «ሄጃለሁ።» ምሕረት ለምነሃል? «ለምኛለሁ።» ስለምን? «ስለ ደም።» ሌላ ምን ይበሉ? መስቀል የያዘ እጅ አይዋሽም። ልማዱን ሊያስረዱ ሲጀምሩ ዳኛው በእጁ አስቆማቸው።

ቱርጁማኑ የኛው አገር ሰው ነው። እርቅ ምን እንደሆነ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው። የአባባን ቃል አንድም ሳያጎድል ተረጎመው። ግን ይሄ ልማድ ነው፣ ያልገደለም ወገን እንዲህ ያደርጋል የምትለዋን አላከላትም። ምላሱ ይድረቅ!

አቶ ሽብሩ ሊረዳን ብሎ ከኋላ ተነሳ። «እኛ የሟች ወገኖች ነን። ታርቀናል፣ ደሙን ትተነዋል» አለ። ዳኛው ሳቀ። እውነት፣ ሳቀ። «ይቅር የተባለ ካለ የገደለ አለ ማለት ነው» አለ በቱርጁማኑ አፍ።

ፍርዱ፦ ሰኞ፣ በስቅላት።

ጫልቱንም ያለ ፈቃድ በማታ ሰው ሰብስበሻል ብለው ይዘዋት ሄዱ። ደምሴ ሲያወጡት ወደ አባባ ዞሮ «እርስዎ ምንም አላጠፉም አባባ» አለ። አባባ የሰሙት አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፫

አባባ አይበሉም፣ አይናገሩም። ኦቦ ገመዳ መጥተው ደጅ ላይ ቆሙ፣ ሳይገቡ ተመለሱ። ልጠራቸው አልቻልኩም። ልሰድባቸውም አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አቶ ሽብሩ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ። «እህቴ፣ ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ጭንቅላቱ ብቻ አይደለም። ሁለቱም እግሩ ተሰብሯል፣ ደረቱ ገብቷል። ጸጉሩ ውስጥ የአለት ዱቄት ነው። ሰው ይህን ሁሉ አይሰብርም። ድንጋዩ መርጋቱን ብቻውን ሊያይ ገብቶ አለቱ ነው የወረደበት።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገርክም!» ጮህኩበት።

«ጣልያኖቹ ዝም በል አሉኝ። ድንጋይ ገደለው ከተባለ፣ ድንጋዩ ሳይረጋ አንገባም ያሉት ልክ ሊሆኑ ነው» አለ። «ነገ ሄጄ እናገራለሁ። ታርቄ የለ? አሁን እሱም ወንድሜ ነው።»

ሲወጣ ላመሰግነው ፈለግኩ። እስከ አጥሩ ብቻ ሸኘሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት ፲፬

ሽብሩ ሄደ፣ ተናገረ። ሰምተነዋል ብለው አስወጡት።

እኔም የራሴን ሞከርኩ። ልብሱን የማጥብለት የመንገዱ ሥራ ኢንጂኔር ቤት የተተኮሰውን ይዤ ሄድኩ። ወጥ ሠሪው ጣልያንኛ ይችላል፤ አስተረጎምኩት። ተንበረከክኩ። ኢንጂኔሩ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ከአንዱ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሏል አለ። በሚቀጥለው እንዳይደገም አለ። ሌላ አላለም።

ጫልቱን ለቀዋታል። በጅራፍ የተላጠ ጀርባዋን ሳጥብላት ጥርሷን ነከሰች። «አልጸጸትም» ብላ ጀመረች፣ አልጨረሰችውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፭

በጠዋት ሁላችንንም ከየቤቱ ነድተው ገበያው ላይ አቆሙን። እንጨቱ ተተክሏል፣ ገመዱ ተሰቅሏል። አባባ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ቆሙ። ልጄን ሳይሞት ላናዝዘው አሉ።

ጠበቅን። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሦስት ሰው አምጥተው ሰቀሉ። አንዱንም አላውቀውም። ለያንዳንዳቸው አባባ መስቀላቸውን አነሱ፣ ለያንዳንዳቸው ደምሴ አይደለም ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! የሰው እናት አጠገቤ እየጮኸች።

ደምሴን አላመጡትም። ዘበኛውን ጠየቅኩት፣ ተፋብኝ። ሽብሩ ሌላውን ጠየቀልኝ። ገና ሳይነጋ አንድ ካሚዮን እስረኞች ጭኖ ወጥቷል፣ ደምሴ ይኑርበት አይኑርበት አያውቅም። ወደ ባሕሩ እስር ቤት ነው ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ ሩቅ አልሄደም፣ ተኩስ ሰምቻለሁ ይላል። ስሙን ጠርቶ እዚህ ነው የሚለኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ኪዳነ ምሕረት

ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ደጃችን ላይ ቆሙ። ያልቅሱ አያልቅሱ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። ሸማኔውም መጥቷል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ሂዱ አልኳቸው። «ሬሳ የታለ? ሬሳ ሳታሳዩኝ የማንን ልቅሶ ነው የምታለቅሱት?» ሽብሩ ብቻ አልሄደም። አጥሩ ሥር ተቀመጠ።

አባባ ለቅዳሴ ሲወጡ ሻሻቸውን እያሰሩ፣ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ። «አስካለ፣ ስሙን ከሕያዋን ጋር ልጥራው ወይስ ከሙታን?»

«ከሕያዋን!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት።

ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ጠሩት ወይ አልኳቸው።

«ሁለቱም ላይ ደረስኩ» አሉ። «አልወጣልኝም ልጄ። አንዱንም አልጠራሁትም።»

አንገታቸው ላይ ያለው ቁስል መግል ይዟል። ውኃ አሞቅኩና አጠብኩላቸው። ነገ ካሚዮኖቹ የሚያልፉበት መንገድ ላይ እወጣለሁ፤ ሽብሩም አብሬሽ እሄዳለሁ ብሏል።