በገጽ ሠላሳ አንድ የተሸሸገችው ድብ

ለተከበሩ የደን እንስሳት ጥናት ክፍል ኃላፊ፣ ለአቶ ኩራሞቺ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዐይንዎ፣ መንጋጋዎ፣ አንገትዎ በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። በዚህ ሰኔ እኛ መንደር ይህ ለሁሉም አልሆነም።

ስለላኩልን የጥናት ሪፖርት ከልብ አመሰግናለሁ። ንባብ የለመድኩት አትክልት ከተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ካነበብኩት በኋላ የሚከተለውን ለማመልከት ደፍሬያለሁ።

1. «በምልከታ ነጥብ ሐ-4 ከፍተኛ የመኖ አጠቃቀም ምልክቶች ተስተውለዋል» ብለው ጽፈዋል። ሐ-4 ማለት ከመቅደሱ ጀርባ ያለው፣ እኛ ሴቶች በየዓመቱ ለምግብ የሚሆን የቀርከሃ ቡቃያ የምንለቅምበት ሸለቆ መሆኑን ያወቅሁት፣ የባለቤቴን እህት ሚትሱኤን ከዚያ በቃሬዛ ስናወጣ ነው።

2. «ከጥገኛ ግልገሎች ጋር» የሚለው ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ ከሰንጠረዥ ሥር፣ ከሩዝ ፍሬ ባነሱ ፊደላት ሰፍሯል። ቦታ ስለቆጠቡ እናመሰግናለን። እናቲቱ ድብ ግን አልቆጠበችም፤ የሚትሱኤን የራስ ቆዳ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ገፈፈችው። የሟቿን ጥርሶች የለቀምነው፣ ቡቃያ ከሞላው ቅርጫቷ ውስጥ ነው።

3. ሦስተኛው ጥፋት የእኛ ነው። ሪፖርቱ እጅ በእጅ በምንቀባበለው የመንደሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ታስሮ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር፣ አሥራ ስምንቱም ቤት «አንብቤያለሁ» ሲል በየስሙ ቦታ የቤቱን ማኅተም መታ። አልገባኝም ብሎ ሰሌዳውን ማዘግየት ነውር ነውና። እኔ ቢሮዎ ደውዬ ልጠይቅ ስል ሚትሱኤ ደጃፌ ላይ ቆማ፣ «አንቺ ደግሞ የተማረ የጻፈውን ልታርሚ ነው? ምቺና ስጪኝ፣ ቡቃያው ሳይጠነክርብኝ» ብላ ሳቀችብኝ። መታሁና ሰጠኋት።

ሁለተኛው ሪፖርትዎ በመጪው ሳምንት ይወጣል፤ እኛም ለእንጉዳይ ለቀማ ወደዚያው ሸለቆ የምንወጣበት ጊዜ ደርሷል። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ እንዲሆን በትሕትና እለምናለሁ፦ «ግልገሎች ያሏት ድብ ከመቅደሱ ጀርባ ባለው ሸለቆ አለች። አትግቡ።» ሰንጠረዡ ከዚያ ይከተል፤ በሕይወት ካለን እናነበዋለን።

የሬሳ ደም ከጥፍሯ ሥር እስካሁን አጥባ ያልጨረሰች፣ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣዎ፣
ሳዎ ኒታ

ሳልረሳው፦ ይህን ደብዳቤ በዚያው ሰሌዳ አዙሬዋለሁ። አሥራ ሰባት ቤቶች አንብበው፣ ገብቷቸው፣ ማኅተማቸውን መትተዋል። ብቻዋን ትኖር የነበረችው የሚትሱኤ የማኅተም ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ላይ እርስዎ ይምቱልን።