ሊማሊሞ ላይ የምትቆመው መኪና

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ያርጋል፣

ሱዳን፣ ከሰላ ድረስ ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የዓይንህ ሕመምስ ለቀቀህ? ሙቀቱን እንዴት ቻልከው? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን።

የምጽፍልህ አባታችን ተሳፋሪ ስለሚያመላልሱባት መኪና ነው። የሌላ መኪና ሞተር ገጥመህላት ከሄድክ ወዲህ፣ ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ስትወጣ ሊማሊሞ ዳገት ላይ ትቆማለች። አባታችን «በተሳፋሪ ፊት አዋረደኝ» ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታህን እንዳልተቀበሉ ታውቃለህ። እኔም ጥፋቱ የሞተሩ መሆን አለመሆኑን ሳላረጋግጥ መናገር አልፈለግሁም።

ስለዚህ በየካቲት አራቱንም ቅዳሜ ሰዓትና ቴርሞሜትር ይዤ አብሬያቸው ተጓዝኩ። መኪናዋ ስትቆም፣ ለገበያ የሚመላለሱት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሰውን ሁሉ ያስወርዱና «ከመካከላችሁ የተጣላ አለ፤ ካልታረቀ አትንቀሳቀስም» ይላሉ። አንድ ቀን ብቅል ነጋዴዋ በለጠች ከጎረቤቷ ጋር ስትታረቅ «ይቅር ያልኩሽ ዳገቱን በእግሬ ላለመውጣት ነው፤ ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» ብላ በሳቅ ገደለችን። ጉልበት ተስሞ ሲያበቃ አባታችን ቁልፉን ያዞራሉ፤ ትነሣለች። አራቱንም ጊዜ ተነሣች። እርቁ ከሃያ ሦስት ደቂቃ አንሶ አያውቅም፤ በቴርሞሜትሩ እንደለካሁት፣ የጋለው የነዳጅ ፓምፕ ለመቀዝቀዝ የሚፈልገውም ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ ሳያቸው ብዕሬን አስቀመጥሁ። በዚያ ገደል አፋፍ ስንት ሰው ታርቆ ይሆን?

ሞተርህ ጤነኛ ነው። ችግሩ ፓምፑ ሞተሩ ላይ፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ መሆኑ ነው፤ ሲግል ቤንዚኑ ውስጡ ይተንና የሚስበው ያጣል። እሱን ፈትቼ፣ በባትሪ የሚሠራ ራሱን የቻለ ፓምፕ ከኋላ፣ ከነዳጅ መያዣው፣ ከሰልባትዮው ሥር አሰርኩ። የራሱን ሽቦና ፊውዝ ሰጠሁት፤ ሞተሩ ሲጠፋ እሱም እንዲጠፋ አደረግሁ።

ከትናንት በስቲያ፣ ቅዳሜ፣ ዳገቱን ሳንቆም ወጣነው። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ግን አባታችን ራሳቸው ዳር ይዘው ሞተሩን አጠፉ። መሪጌታ «ምነው ሀብተ ሚካኤል፣ ደኅና ስትሄድ?» አሏቸው።

«ደኅና ናት፤ የልጄ ሞተር ምንም አልሆነም። ዛሬ የተጣላው ሰው እኔ ነኝ» አሉ።

ወርደው ፊታቸውን ወደ ቆላው አዙረው ቆሙ። ማንም «እንሂድ» አላለም። እኔም ሰዓቴን አላየሁም። ሲመለሱ «ለፋሲካ በሑመራ በኩል ይግባ፤ ዛሪማ ወርጄ እጠብቀዋለሁ ብለህ ጻፍለት» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩልህ።

እናታችን፣ እህታችን ዘቢደርና ልጇ ሲሲ በናፍቆት ሰላም ይሉሃል። ባለቤትህንና ልጆችህን ሳምልኝ።

ታናሽ ወንድምህ ማዕረግ ሀብተ ሚካኤል
ደባርቅ፣ መጋቢት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.